«ነርቩ ሞቷል» ሲባል ምን ገባችሁ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አፋችሁ ውስጥ ስንት ጥርስ አለ? የተነቀለ ከሌለና የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ከወጡ ሠላሳ ሁለት ነው። ታዲያ የጥርስ ሐኪሙ አፋችሁን ከፍቶ አየና ለረዳቱ «አርባ ስድስት ተበልቷል» ቢላት ምን ትላላችሁ? አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ያሉትን ልንገራችሁ። ካርዳቸው ላይ 46 የሚል ቁጥር አይተው ወደኔ ተመለሱና፣ «ሲስተር፣ ይሄ የኔ ካርድ አይደለም። አርባ ስድስት ጥርስ ያለውን ሰውዬ ፈልጊና ስጪው» አሉኝ። ቀልድ አይደለም፤ ከልባቸው ነው።

እኔ ሲስተር አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ አውጪና ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ነጭ ጋውን ስለሚያስለብሱን ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰዋችን ሐኪሙ ፊት «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይወጣና «ምንድን ነው ያሉኝ?» ብሎ የሚጠይቀው ገንዘብ ተቀባይዋን መሆኑን ነው። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ቀላል አይደለም። ጥርሱ ይነቀል ወይስ ይትረፍ የሚለውን ብዙው ሰው የሚወስነው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳይሆን እኔ መስኮት ላይ ተደግፎ ነበር። ያውም ዋጋ ብቻ ጠይቆ!

የቁጥሩን ነገር ቶሎ ልጨርስላችሁ። ሐኪሞቹ አፋችንን አራት ቦታ ይከፍሉታል። የላይኛው ቀኝ 1፣ የላይኛው ግራ 2፣ የታችኛው ግራ 3፣ የታችኛው ቀኝ 4 ነው። ቀኝና ግራ የሚባለው የናንተ ነው እንጂ ፊት ለፊት የቆመው ሐኪም አይደለም። ከዚያ ከፊት መሐል ጀምረው ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራሉ። በቃ፣ እንደ ቀበሌና የቤት ቁጥር ውሰዱት። 46 ማለት ቀበሌ አራት፣ የቤት ቁጥር ስድስት። የወተት ጥርሶች ደግሞ ከ5 እስከ 8 የተሰየሙ የራሳቸው ቀበሌዎች ስላሏቸው የሦስት ዓመት ልጅ ካርድ ላይ 85 ብታዩ እንዳትደነግጡ።

የቤት ቁጥር ስድስትን ግን ልብ በሉልኝ። ይህ መንጋጋ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ቀድሞ የወለቀ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም! ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ ምትክ የለውም። «ምን ችግር አለው፣ የወተት አይደል፣ ይነቀልላት» የምትል እናት ስንቷን አየሁ መሰላችሁ!

ቃላቱማ ጉድ ናቸው። ሐኪሞቻችን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነውና ሲነጋገሩ «ካናል»፣ «ብሪጅ»፣ «ክራውን» ይላሉ። ቦይ፣ ድልድይ፣ ዘውድ! ለማያውቀው ሰው ግማሹ የመንገድ ሥራ፣ ግማሹ የቤተ መንግሥት ወሬ ይመስላል። አንዲት እናት ደግሞ ሐኪሙ ጥርሳቸውን ነካ ነካ አድርጎ «ሞቢሊቲ ግሬድ ቱ» ሲል ሰምተው፣ «ሞባይሌንማ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት ልጄ» ብለውታል። ሐኪሙ የሚለው ጥርስዎ ይነቃነቃል፣ ድድዎና አጥንቱ ታመዋል ነው። ሳቅን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። እቤታቸው የሄዱት ግን ጥርሳቸው ለምን እንደሚነቃነቅ ሳያውቁ ነው፤ ያ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከሁሉ በላይ ጥርስ ሲያስነቅል ያየሁት ቃል ግን እንግሊዝኛ አይደለም፤ የራሳችን አማርኛ ነው። «ነርቩ ሞቷል» የሚለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ መስኮቴ ላይ ተደገፈ። የታክሲ ረዳት ነው፤ ድምፁ በጥሪ ብዛት ሰልሏል።

«ሲስተር፣ ማስነቀል ስንት ነው?»

«ዶክተሩ ይነቀል አሉህ?»

«ሞቷል አሉ። የሞተ ነገር ምን ይደረጋል? ይቀበራላ!»

ካርዱን አየሁት። 46 ይላል፤ ከጎኑ «ኔክሮሲስ» የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «አር ሲ ቲ ወይም ኤክስትራክሽን»። ሁለት ምርጫ ተጽፎለታል፤ የሰማው ግን አንዱን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የአፉ ሥዕል ላይ 36 ተሰርዟል። ግራው በኩል ያለውን አቻውን ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ አስነቅሎታል ማለት ነው። ይሄም ከሄደ ልጁ በዚህ ዕድሜው በታች በኩል በሁለቱም ጎን ዋናውን ማኘኪያ ሊያጣ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጥርስ ምን እንደሆነ ትንሽ ላውራችሁ። እኔም የለቀምኩት ሐኪሞቹ ለተለማማጆች ሲያስረዱ እየሰማሁ ነው። ከላይ የምናየው ነጩ ሽፋን «ኢናሜል» ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ ከአጥንት ይበልጣል። ግን ሕይወት ያለው ነገር የለበትም፤ ስለዚህ አያምም፣ ተቦርቡሮ ካለቀም መልሶ አይበቅልም። ከሥሩ «ዴንቲን» አለ፤ ለስለስ ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስንጠጣ ጠዘጠዘኝ የሚያሰኘን የሱ መጋለጥ ነው። መሐል ላይ ደግሞ «ፐልፕ» የሚባል ለስላሳ ነገር ተቀምጧል። ነርቭም የደም ሥርም እዚያ ውስጥ አሉ። እኛ በጅምላ «ነርቭ» የምንለው ይህንን ነው።

መበላቱን በተመለከተ፣ ትል የሚባል ነገር የለም ጎበዝ! «ጥርሴን ትል በላው» የሚለው እምነት የኛ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ዓለም ነበር። ፒየር ፎሻር የሚባል ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ትሉን ፈልጌ አላገኘሁም ብሎ ተከራክሯል። ጥርስን የሚበላው አሲድ ነው። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የምንበላውን ስኳር እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፤ ኢናሜሉ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ካርዱ ላይ «ካሪስ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ትል የሚለው እምነት ግን ዛሬም ጉዳት ያደርሳል። በአገራችን አንዳንድ ቦታ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «የወተት ጥርሱ ነው» ተብሎ ያልወጣ ጥርሱ ከድዱ ውስጥ ይፈለፈላል። ትል ተብሎ የሚታየው ያ ነጭ ነገር ገና ያላደገው የልጁ ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። ቀዝቃዛ ነገር ነክቷችሁ ወዲያው የሚተዋችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ገና ደህና ነው፤ «ማስሞላት» ይበቃው ይሆናል። ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላም ሕመሙ ከቆየ፣ ሌሊት ብቻውን ተነስቶ ካንቀጠቀጣችሁ፣ ነርቩ የማይመለስበት ደረጃ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው አታላዩ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ሕመሙ የለም! ለቀቀኝ፣ ተመስገን ነው። ልጁም እንደዚያ ብሏል። «ሦስት ሳምንት አሳብዶኝ፣ በፀበሉም በክኒኑም ለቀቀኝ ብዬ ትቼው ነበር» አለኝ። አልለቀቀውም። ነርቩ ስለሞተ የሚጮህ ጠፍቶ ነው። ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

«ተመልሰህ ጠይቃቸው» አልኩት።

«ተይኝ ባክሽ። ‹ይሄ መሃይም› ነው የሚሉኝ።»

ሃያ ሰው ወረፋ የያዘበት ሰዓት ነው። ካርዱን ይዤ ይዤው ገባሁ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመ ሰው ነው። «ዶክተር፣ ነርቩ ሞቷል ማለት ጥርሱ ሞቷል ማለት ነው ወይ እያለ ነው» አልኩ። ዶክተሩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና ራጁን ወደ መብራቱ አነሳው።

«ና እየው። ይሄ ሥሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ኢንፌክሽን ነው። ጥርሱ ራሱ ግን አጥንቱን ይዞ ቆሟል። ዛፍ ውስጡ ቢቦረቦርም ሥሩ መሬት እስከያዘ ድረስ ይቆም የለም እንዴ? ውስጡን ካጸዳንልህ ስታኝክበት ትኖራለህ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ከያዝከው ለብዙ ዓመት።»

«ያኛውስ… የተነቀለው?»

ዶክተሩ መስታወት ሰጠው። በግራ በኩል የኋለኛው መንጋጋ ወደ ክፍተቱ ዘንበል ብሏል፤ ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው ስላጣ ወደ ታች ወርዷል። ልጁ አፉን እንደከፈተ መስታወቱን አተኩሮ ያየዋል። ሲነቀል ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

«አር ሲ ቲ» የሚሉት «ሩት ካናል» የሚባለውን ሕክምና ነው፤ በሰፈር ቋንቋ «ነርቭ መግደል»። ስሙ መጥፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ የሞተ ወይም ሊሞት የደረሰ ነውና ገዳዩ ሐኪሙ አይደለም! ጥርሱ ተከፍቶ በሥሩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቦዮች መርፌ በሚመስሉ ሞረዶች ይጸዳሉ፤ ከዚያ «ጉታ ፐርቻ» በሚባል ከዛፍ ፈሳሽ በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ይደፈናሉ። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው፤ ታችኛው ስድስተኛ መንጋጋ ግን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት። «የጓደኛዬ በዚህ ዋጋ ተሠርቶ የኔ ለምን ተወደደ?» እያላችሁ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር የምትጣሉ፣ መልሱ ይሄ ነው።

ዋጋው ታዲያ የማስነቀያውን ብዙ እጥፍ ነው። ልጁ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚያስነቅለው ቃሉ ሳይገባው ቀርቶ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ስለሌለው ነው። ግን በመሐል ሌላ መንገድ እንዳለ ማንም አይነግረውም። ልጁ ራሱ ነው የጠየቀው፤ «ዕቁብ እስኪደርሰኝ መቆየት አይቻልም?» ብሎ። ይቻላል ተባለ፤ ግን ዝም ብሎ አይደለም። በዚያው ቀን ተከፍቶ ይጸዳል፣ መድኃኒት ይደረግበታል፣ «ቴምፖራሪ» በሚባል ጊዜያዊ ነገር ይዘጋል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። ልጁ የዕቁቡን ዳኛ ለምኖ ከአንድ ሾፌር ጋር ተራ ተቀያየረ። በሦስት ቀጠሮ አለቀለት።

በነገራችን ላይ ያ የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቅርንፉድ ነው! አንዳንዱ ጊዜያዊ መሙያ የሚቦካው ከቅርንፉድ ዘይት በሚገኘው «ዩጂኖል» ነው። ስለዚህ እናቶቻችን ጥርስ ላይ ቅርንፉድ ማስነከሳቸው እውቀት ነበር። ሕመም ያስታግሳል፤ የበሰበሰውን ግን አያድንም። አስፕሪን ድድ ላይ አድርጎ መያዝ ግን ተዉት፤ ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ አይጠቅምም።

የልጁ ነገር እዚያ አላበቃም። ካርዱ ላይ «ክራውን» ተብሎ ተጽፎለት ነበር። ነርቩ የወጣ መንጋጋ አብዛኛው አካሉ ተበልቶና ተከፍቶ ስለሆነ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ እንደ ቆብ የሚደፋበት ሽፋን ያስፈልገዋል። ልጁ «ዘውድ» የሚባለውን የሀብታም ጌጥ፣ የወርቅ ጥርስ መስሎት ኖሯል። «እኔ ምን ጌጥ ያስፈልገኛል፣ ሕመሙ ከቀረ» ብሎ ተወው። ከአምስት ወር በኋላ ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ መጣ። ዕድሉ ሆኖ ስንጥቁ ከድድ በታች ወደ ሥሩ አልወረደም፤ ቢወርድ ኖሮ ያ ሁሉ የዕቁብ ብር ውሃ በልቶት ነበር። ክራውኑ ተሠራለት። የቤት ኪራይ ሁለት ወር ውዝፍ እንዳለበት ነግሮኛል። ለክራውኑ ግን በመጨረሻ ከፈለ፤ ለምን እንደሚከፍል ስለገባው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ኢንፌክሽኑ ሲጠራቀም «አብሰስ» ይባላል፤ መግል ማለት ነው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ እብጠቱን ለጊዜው ሊያሳርፈው ይችላል፤ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስላለ ግን ይመለሳል። እብጠቱ ከአገጭ በታች ወርዶ አንገት ከያዘ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ምላስ ከፍ ከፍ ካለ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ይሄ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር አይደለም። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው! ሰው ይሞትበታል።

የድዱ ጉዳይ አጭር ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ነገር «ፕላክ» ነው፤ ብሩሽም መፋቂያም ያስለቅቀዋል። ከቆየ ይደነድንና «ታርታር» ወይም «ካልኩለስ» ይሆናል፤ ያን ጊዜ በብሩሽ አይሆንም፣ ሐኪም ነው የሚያነሳው። «ማሳጠብ» የምንለው፣ እነሱ «ስኬሊንግ» የሚሉት እሱ ነው። «ካሳጠብኩ ወዲህ ጥርሴ ሳሳ፣ ክፍተት በዛ» ይባላል። ክፍተቱ ድሮም ነበር፤ ድንጋዩ ሞልቶት ነው። ድድ ሲፋቅ ከደማ «ጂንጂቫይቲስ» ነው፤ በጊዜ ከጸዳ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አጥንቱ ማለቅ ሲጀምር ግን «ፔሪዮዶንታይቲስ» ይሆናል፤ ባለበት ማቆም እንጂ ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው። የነዚያ እናት «ሞባይል» ይሄ ነበር።

አንዲት ልጅ ደግሞ አለች፤ የማልረሳት። ወንጂ አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ አዲስ አበባ መጥታ የምትሠራ፣ መልኳ የሚያምር። ስትስቅ መዳፏን አፏ ላይ ታደርጋለች። ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው። የመጣችው «ማሳጠብ ፈልጌ ነበር» ብላ ነው። በሎሚና በጨው፣ በከሰልም ሳይቀር ስትፈገፍገው ኖራለች፤ ይህ ደግሞ ኢናሜሉን ይጨርሰዋል እንጂ ቀለሙን አያስለቅቀውም። ሊያገባት የሚፈልግ ልጅ አለ። እናቱ አንድ ቀን እቤታቸው ቡና ተጋብዛ ከሄደች በኋላ «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን ንጽሕና አትወድም» ብለዋል። ይሄ ቃል ጆሮዋ ደርሷል።

ሐኪሟ ሴት ነበረች። አየቻትና «የት ነው ያደግሽው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ቀጥላ «ፍሎሮሲስ ነው» አለች። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፤ እዚያ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ ሆነው ሲሠሩ፣ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ፣ ያንን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ገና ሳይወጣ ቀለሙ ይለወጣል። ካደጉ በኋላ መጥቶ ውሃውን ቢጠጡ ጥርስ አይበልዝም። ከመፋቅና ካለመፋቅ ጋር አንዳች የሚያገናኘው ነገር የለም።

ልጅቷ መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። ሐኪሟ መሸፈኛ መንገዶች እንዳሉ ነግራታለች፤ «ቪኒር» የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ ዋጋው ግን ለሷ አይቀመስም። የታጠበችበትን ሂሳብ ከፈለች፣ ደረሰኙን ተቀበለች፣ ግን አልሄደችም።

«ሲስተር፣ ያቺን ቃል በአማርኛ ጻፊልኝ እስቲ። ስሟን።»

በካርድ ወረቀት ጀርባ ላይ በትልቁ «ፍሎሮሲስ» ብዬ ጻፍኩላት። ከሥሩ «ከውሃው ነው» ብዬ ጨመርኩ። «ማኅተምም ምቺበት» አለችኝ። ለእንዲህ ያለ ነገር ማኅተም አይመታም፤ እኔ ግን መታሁላት።